ሙድል ለድሬዳዋ ሠልጣኝ፦ «ጨረሰ» እና «አለፈ» ሲምታቱ

ሙድል ባለሙያዎቹ «ኤልኤምኤስ» ከሚሏቸው ሶፍትዌሮች አንዱ ነው፤ ኮርሱ የሚቀመጥበት፣ ሠልጣኙ የሚመዘገብበት፣ ፈተናው የሚታረምበትና ውጤቱ የሚያዝበት ቦታ ማለት ነው። ማርቲን ዱጊያማስ አውስትራሊያ ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ፈቃድ አይከፈልበትም፤ ሰርቨሩና የሚጠብቀው ባለሙያ ግን ብር ይፈልጋሉ። ድሬዳዋ መልካ ጀብዱ ያለ ፋብሪካ ለፈረቃ ሠራተኞቹ የደኅንነት ሥልጠና ልስጥ ካለ ከጉግል ክላስሩም ይልቅ ይህን ቢይዝ እንመክራለን፤ ማን ምን በየትኛው መስፈርት እንዳጠናቀቀ ለመያዝ ሙድል በብዙ ይበልጣል።

ችግሩ ቃላቱ ላይ ነው። «ሞጁል» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በርቀት ትምህርት የሚታደለው ጥራዝ ነው። ሙድል ውስጥ ግን ኮርስ ላይ የሚጨመር መሣሪያ ነው፦ ፈተና፣ የውይይት መድረክ፣ አሳይንመንት። «ሦስት ሞጁል አዘጋጁ» ተብሎ ሲታዘዝ አንዱ ሦስት ጥራዝ ይጽፋል፣ ሌላው ሦስት ፈተና ይጭናል። ውል ላይ «ምዕራፍ» ተብሎ ቢጻፍ ጭቅጭቅ ይቀራል። «ሲንክሮነስ» ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት ነው፣ እንደ ዙም፤ «አሲንክሮነስ» እያንዳንዱ በሚመቸው ሰዓት የሚማርበት። ሌሊት ሠርቶ ለወጣ ሰው የጠዋት 3 ሰዓት ዙም ቅጣት ነውና ለፈረቃ ሠራተኛ ሁለተኛው ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን «ጨረሰ» የሚለው ነው። መጀመሪያ በኮርሱ ማስተካከያ ውስጥ «ኮምፕሊሽን ትራኪንግ» (የማጠናቀቅ ክትትል) ይከፈታል። ከዚያ ኮርሱ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት ምርጫ አለው፦ ምንም አለመከታተል፣ ሠልጣኙ ራሱ «ማርክ አዝ ደን» (ጨርሻለሁ) የሚለውን እንዲጫን መተው፣ ወይም መስፈርት ማስቀመጥ። ሁለተኛው ለደኅንነት ሥልጠና ፈጽሞ አይሆንም፤ የእሳት ማጥፊያው ፒን በየት በኩል እንደሚነቀል ያላየ ሰውም ይጫነዋል። ሦስተኛውም ቢሆን «ገጹን ማየት» ብቻ ከተመረጠ ፈተናውን ከፍቶ የዘጋ ሁሉ ጨረሰ ይባላል። የማለፊያ ነጥብ ይጠየቅ፤ ፈተናው ከ10 ከሆነ «ግሬድ ቱ ፓስ» ላይ 7 ይጻፋል እንጂ 70 አይደለም።

ከውጭ የተገዛ ኮርስ ብዙ ጊዜ «ስኮርም» በሚባል ጥቅል ይመጣል፤ ዚፕ ፋይል ነው። ሙድል በደንብ የሚያስኬደው ስኮርም 1.2ን ነው፤ ሲገዛ ይኸው ስሪት ይጠየቅ። 1.2 የሠልጣኙን ሁኔታ የሚይዝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ «ጨርሷል» ካለ «አልፏል» የሚለውን አብሮ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ጥቅሉ «ጨርሷል» እየላከ ሙድል ላይ «አልፏል» ከተጠየቀ፣ ሠልጣኙ አሥር ጊዜ ቢደግመው የማጠናቀቂያው ምልክት አይመጣለትም። ሠልጣኙን ከመውቀስ በፊት ይህ ይታይ። ሌላው፣ ካቆሙበት ለመቀጠል የሚያገለግለው ማስታወሻ በ1.2 ደንብ 4096 ፊደል ላይ ያበቃል። ረጅም ጥቅል ይህን ሲያልፍ ሠልጣኙ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል፤ አንዱን ትልቅ ጥቅል ከፋፍሎ መጫን ያድናል።

ሙድል የሚያሳየው ማለፍም ቢሆን ሲኦሲ (በምዘና የሚሰጥ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አይደለም። ብየዳ የሚማር ሰው ስልክ ላይ መቶ ከመቶ ቢያመጣም እጁ አልተመዘነም። ሰርተፍኬቱ ላይ «ሥልጠናውን ተከታትሏል» ይጻፍ፤ «ብቁ ነው» የሚለው ለመዛኙ ይተው።

የአማርኛ ገጽታ አለው፤ ያልተተረጎመው ቃል በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ ቅልቅል ነው። የወደድንለት የስልክ አፑን ነው። ቢሮ ባለው ዋይፋይ ኮርሱን አውርዶ ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ሆኖ ያለ ዳታ መማር ይቻላል። ፈተና ግን በራሱ አይወርድም፤ አሠልጣኙ በፈተናው ማስተካከያ ውስጥ ከመስመር ውጭ በአፑ መሥራትን መፍቀድ አለበት። ያኔ የሰዓት ገደብ ማድረግ አይቻልም፣ መልሱም የሚታረመው ጥያቄው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሠልጣኙ ኔትወርክ ሲያገኝ አፑን ከፍቶ «ሲንክሮናይዝ» (ስልኩ ላይ ያለውን ወደ ሙድል መላኪያ) ይበል፤ እስከዚያ መልሱ ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ስለሆነ አፑ ከተሰረዘ አብሮ ይጠፋል።