ለሞተር ሳይክላችሁ የሌላ ኩባንያ ማርሚታ ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ ማስጠንቀቂያ

ለሞተር ሳይክላችሁ ያልተሠራ፣ የሌላ ኩባንያ የሆነ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያለው ድምፅ ቀናሽ ክፍል) በርካሽ ዋጋ ቀርቦላችሁ፣ ሻጩም «በትንሽ ማስተካከያ ይገባል፤ አሮጌውን ደግሞ እኛው እንወስድላችኋለን» ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ይህ ግብይት ገዢውን በብዙ በኩል ይጎዳል። ከሁሉም የከፋው ግን ብዙ ሰው የሚፈራው የድምፅ መጨመር ወይም የነዳጅ ፍጆታ ሳይሆን፣ ዋናው ማርሚታ ተቆርጦ ወይም ለሻጩ ተላልፎ ወደ ነበረበት መመለስ የማይቻል መሆኑ ነው።

የሌላ ኩባንያ ማርሚታ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ለአንድ የታወቀ ሞዴልና የምርት ዘመን ተለክቶ የተሠራ፣ ከነመገናኛ ቱቦውና ከነማንጠልጠያው የሚመጣ ዕቃ ከፋብሪካው ማርሚታ የማያንስበት፣ እንዲያውም ክብደቱ ቀለል ብሎ የሚሻልበት ጊዜ አለ። የማስጠነቅቀው ስለ ሁለት ዓይነት ዕቃዎች ነው፤ አንደኛው «ለሁሉም ሞተር ሳይክል ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአንድ ኩባንያ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈትቶ ለሌላው የሚቀርበው፣ ለምሳሌ ከሆንዳ ወርዶ ለያማሃ ባለቤት የሚሸጠው ያገለገለ ማርሚታ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የማርሚታውን ዋጋ ብቻ ነው። መገናኛ ቱቦው፣ አዲሱ ማንጠልጠያ ብረት፣ ብየዳው፣ ጓርኒሲዮኑ (በመገናኛው መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ መግቢያ የሚበየድበት ሥራና ከዚያ በኋላ የሚመጣው የነዳጅ ማስተካከያ አንድ በአንድ የሚነሱት ሞተር ሳይክሉ ከተፈታ በኋላ ነው። የወንድሜ ሞተር ሳይክል ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። የቱቦው አፍ እንደማይገጥም የተነገረው ክፍያው ተጠናቅቆ፣ ዋናው ማርሚታም በመጋዝ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ደረሰኙ ላይ «ማርሚታ» ከሚለው በቀር ሞዴልም ሆነ ዋስትና አልተጻፈም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ጀምሮ ወደ ሻጩ ሲመለስም የተሰጠው መልስ «ይገጥማል አልን እንጂ ሞተሩ እንደ ድሮው ይሠራል አላልንም» የሚል ነበር። መልሱ ያበሳጫል፤ ነገር ግን በጽሑፍ የተያዘ ነገር ስላልነበረ ክርክሩ ብዙ አልሄደም።

የመጀመሪያው ችግር ልኬት ነው። የማርሚታ መግቢያ አፍ ስፋት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ 38፣ 45፣ 51 እና 60 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑት በብዛት ያጋጥማሉ። ሻጮች ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይጠሩና የውስጥ ስፋት ይሁን የውጭ ስፋት አይለዩም፤ የቱቦው ብረት ውፍረት ሲታሰብ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዱን ቱቦ ወደ ሌላው እንዳይገባ ወይም ገብቶ እንዲወዛወዝ ለማድረግ በቂ ነው። ስለዚህ በካሊፐር (ስፋት መለኪያ መሣሪያ) ሳይለካ በዓይን ግምት ብቻ «ይሆናል» የሚል ሰው አትመኑ። ክፍተቱን በተጠቀለለ ቆርቆሮ ሞልቶ በማጥበቂያ ቀለበት መጨፍለቅ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ ብረቱ በሙቀት እየሰፋና እየጠበበ ሲሄድ መገናኛው መላላቱ አይቀርም። ምልክቱም በመገናኛው ዙሪያ የሚታይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ነው።

ከመገናኛው የሚያፈስ ጭስ የድምፅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩበት ነበር። ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ሳይሆን በየምቱ እየተገፋ ስለሆነ፣ በምቶቹ መካከል ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ክፍተቱ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። የጋዝ እጀታው ሲለቀቅ የሚሰማው ፍንዳታ መሰል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ከገባው አየር ጋር ተገናኝቶ ቱቦው ውስጥ ይቃጠላል። አንዳንድ ሻጮች ይህንኑ ድምፅ የኃይለኛ ሞተር ምልክት አድርገው ለገዢው ማቅረባቸው ይገርመኛል።

ነዳጅ በኮምፒውተር በሚለካባቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ችግሩ ይሰፋል። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል በክብደት ለ1 እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ ገደማ አየር ያስፈልጋል፤ የኦክስጅን ሴንሰሩም ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን እየለካ ኮምፒውተሩ በዚህ መጠን አካባቢ እንዲቆይ ይረዳዋል። ከሴንሰሩ በፊት ባለው መገናኛ አየር ከገባ፣ ሴንሰሩ ሞተሩ ነዳጅ ያነሰው መስሎት ያሳውቃል፤ ኮምፒውተሩም ሳያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል። ውጤቱ የጠቆረ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) እና ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ነዳጅ ነው። አዲሱ ማርሚታ ከነቱቦው የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ለሴንሰሩ የሚሆን መግቢያ ላይኖረው ይችላል፤ ቢኖረውም ጥርሱ ላይስማማ ይችላል፤ ምክንያቱም ባለ 18 ሚሊሜትርም ባለ 12 ሚሊሜትርም ሴንሰሮች አሉ። ሴንሰሩን ነቅሎ በአየር ላይ አንጠልጥሎ መተው መፍትሔ አይደለም።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚለው የሻጮች ማጽናኛ ግማሽ እውነት አለው። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን ምልክት ተከትሎ የሚያስተካክለው በሚኒሞ (እጀታው ሳይከፈት ሞተሩ ሲሠራ) እና በተረጋጋ አነዳድ ጊዜ ነው፤ እጀታው በኃይል ሲከፈት ግን አስቀድሞ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ይመራል፤ ያ ሠንጠረዥ ደግሞ ማርሚታው መቀየሩን አያውቅም። ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው በካርቡሬተር የሚሠሩትማ ራሳቸውን የሚያስተካክሉበት መንገድ ጭራሽ የላቸውም። ጭስ በቀላሉ የሚያስወጣ ማርሚታ ተገጥሞላቸው የነዳጅ ጄቱ (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ካልተስተካከለ፣ ነዳጅ አንሷቸው ከልክ በላይ ይሞቃሉ፤ ካንዴላው ሲወጣ ነጥቶ መገኘቱ ይህን ያመለክታል።

ጉልበት ይጨምራል የሚለው ተስፋም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የቱቦው ርዝመትና ስፋት የግፊቱ ማዕበል ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቅጽበት ስለሚወስን፣ ያለ ልክ የተመረጠ ማርሚታ በከፍተኛ ዙር ትንሽ ቢሰጥ እንኳ በየቀኑ በምንነዳበት በዝቅተኛውና በመካከለኛው ዙር ላይ ሊቀንስ ይችላል። ያማሃ ከ1987 ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎቹ የጭስ መውጫ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ያስገባው ይህን በየዙሩ ለማስተካከል ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለበትን ሥርዓት አውጥቶ በባዶ ቱቦ መተካት የጉልበት መዛባትና የማስጠንቀቂያ መብራት ሊያስከትል ይችላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ ደግሞ ይህን ግብይት ጨርሶ እንዳታስቡት እመክራለሁ፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የጭስ ማውጫው ቅርጽ የሞተሩ አካል ነው ማለት ይቻላል። በ1961 የምሥራቅ ጀርመኑ የሞተር ሳይክል ኩባንያ የኤምዜድ ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር ወደ ሱዙኪ ሲኮበልል ይዞት የሄደው ትልቅ ሀብት በኤምዜዱ መሐንዲስ በዋልተር ካደን የተራቀቀው የባለ ሁለት ምት ሞተርና የጭስ ማውጫው አሠራር እውቀት ነበር፤ በማግስቱ ዓመትም ሱዙኪ በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ልኬት በ«ለሁሉም ይሆናል» ሊተካ አይችልም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ሻጩ አሮጌውን ማርሚታ «ቦታ እንዳይዝባችሁ» ብሎ ሊወስደው የሚጓጓው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ላይ የጭሱን መርዛማነት የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚገኘው በማርሚታው ውስጥ ወይም ከእሱ ጋር በተያያዘው ቱቦ ውስጥ ነው፤ በውስጡም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት አሉ። ማርሚታው ቢዝግ፣ ቢደፈጠጥ፣ ቢቀዳደድ እንኳ እነዚህ ማዕድናት ገዢ አያጡም። ስለዚህ በነጻ የምትሰጡት ወይም እንደ ቅናሽ ማካካሻ የምታስረክቡት አሮጌ ብረት ከምትገዙት አዲስ ዕቃ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ከዚህም በላይ ኮንቨርተሩ የሌለው ሞተር ሳይክል የጭስ ምርመራ ባለበት ሁሉ ሊወድቅ ይችላል፤ በኋላ ሌላ ልግዛ ብትሉም አዲሱ የፋብሪካ ማርሚታ ከመለዋወጫዎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማርሚታችሁ እንዲቆረጥም ሆነ እንዲወሰድ በምንም ምክንያት አትፍቀዱ። አዲሱ ዕቃ ዋናውን ሳይቆርጡ በብሎንና በማጥበቂያ ብቻ የማይገባ ከሆነ ለእናንተ ሞተር ሳይክል የተሠራ አይደለም።

ማንጠልጠያውም ትኩረት ይፈልጋል። የፋብሪካው ማርሚታ ብዙውን ጊዜ በጎማ ትራስ ላይ የሚንጠለጠለው ንዝረቱና በሙቀት የሚመጣው መለጠጥ ወደ ቱቦው እንዳይተላለፍ ነው። ጎማው ተትቶ በቆርቆሮ ቁራጭ በቀጥታ ሲታሰር፣ ወይም ማንጠልጠያው ስለማይደርስ ክብደቱ በቱቦው ላይ ሲወድቅ፣ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ቱቦውን የያዙት ብሎኖችም ሊሰበሩ ይችላሉ። ቴስታታ ውስጥ የተሰበረ ብሎን ማውጣት የማርሚታውን ቅናሽ እንዳለ የሚበላ ሥራ ነው። ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ማርሚታው የኋላውን ሹካ፣ የፍሬን ቱቦውን ወይም ካቴናውን እንዳይነካ፣ ከጎን ሻንጣና ከተሳፋሪ እግርም እንዲርቅ ያስፈልጋል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ መካከለኛው ማቆሚያ ወደ ላይ ሲታጠፍ የሚያርፈው በዋናው ማርሚታ ላይ በተበየደች ትንሽ የጎማ ማረፊያ ላይ ነው። ያ ማረፊያ አብሮ ከወጣ ማቆሚያው ከልኩ በላይ ወጥቶ ካቴናውን ወይም ሹካውን ሊመታ ይችላል።

ስለ ድምፅና ሕግ በአጭሩ እናገራለሁ። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ የድምፁን ኃይል እጥፍ ያደርገዋል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ደግሞ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጎልቶ ይሰማል። ማረጋገጫ ያለው ምትክ ማርሚታ መጽደቁን የሚያሳይ ምልክት ገላው ላይ ተቀርጾበት ይገኛል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 92 የጸደቁት በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና የፈቀደው አገር ቁጥር አለባቸው፤ 1 ጀርመንን፣ 3 ጣሊያንን፣ 4 ኔዘርላንድን ያመለክታል። ምልክቱ የሚያገለግለው ማርሚታው ለጸደቀበት ሞዴል ብቻ መሆኑን ግን ሻጮች አይነግሯችሁም፤ ለሌላ ሞተር ሳይክል የተፈቀደው ዕቃ በእናንተው ላይ ሲታሰር ምልክቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከ1986 ጀምሮ ለመንገድ የሚሠሩ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የድምፅ ወሰን 80 ዴሲቤል ሲሆን፣ ለውድድር ሜዳ ብቻ የሚሸጡት ማርሚታዎች ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ለመንገድ የሚሸጥላችሁ ሰው ቅጣቱን ለእናንተ ትቶ ትርፉን ይወስዳል።

የታወቁ የማርሚታ አምራቾች ስም ያለባቸው አስመስሎዎችም ብዙ ናቸው። ስሙ በቀላሉ በሚላጥ ተለጣፊ ብቻ ከተጻፈ፣ ብየዳው ሸካራ ከሆነ፣ መለያ ቁጥርና የሚገጥምለት ሞዴል ያለበት ሰነድ ከሌለው ተጠራጠሩ። «የማይዝግ ብረት ነው» ሲባል ብዙ ሰው ማግኔት ያቀርባል፤ ፈተናው ግን እርግጠኛ አያደርግም፤ ለጭስ ማውጫ የሚውሉ አንዳንድ የማይዝጉ ብረቶች በማግኔት ይሳባሉ፣ የማይሳቡ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ። ካርቦን ፋይበር ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ሥዕል የታተመበት ቆርቆሮ ነው።

ለመግዛት ከወሰናችሁ፣ የሞተር ሳይክላችሁ ሞዴልና የምርት ዘመን፣ ዕቃው ሳይቆረጥና ሳይበየድ እንደሚገባ፣ ካልገባም ገንዘቡ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። የፋብሪካ ዋስትና ላይ ያለ ሞተር ሳይክል ከሆነም የዋስትናውን ሰነድ አስቀድማችሁ አንብቡ። በአሜሪካ የ1975ቱ የዋስትና ሕግ የሌላ አምራች ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትና እንዳይሰረዝ ይከለክላል፤ በየአገሩ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ አለ ብላችሁ አትገምቱ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁና ያስገጠማችሁ ደግሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹንና ማጥበቂያውን እንደገና አስፈትሹ፤ መገናኛው ላይ ጥላሸት ካያችሁም ሻጩ «ትንሽ እንበይድበት» ከማለቱ በፊት ፎቶግራፍ አንሱት፤ ምክንያቱም ብየዳው ካረፈበት በኋላ ጉድለቱ ከመጀመሪያው እንደነበረ ማሳየት ይከብዳል። ዋናው ማርሚታ በእጃችሁ ካለ አፉን በጨርቅ ደፍናችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ሞተር ሳይክሉን የምትሸጡለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቃችሁ ይችላል።