የተሰነጠቀ የናፍጣ ሞተር ቴስታታ፦ ማስበየድ፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ? ንጽጽር

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ወይም ከባድ ጭነት ይዞ የጣርማበርን ዳገት የሚጋፈጥ የናፍጣ መኪና ውሃ ሲያፈላ ባለቤቱ ከሁሉ በላይ የሚሰጋው ለቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ አናት ላይ ሲሊንደሮቹን ለሚከድነውና ቫልቮቹን ለያዘው ክፍል ነው። ጋራዥ ገብቶ «ተሰንጥቋል» ከተባለ በኋላ አራት ምርጫዎች ይቀርቡለታል፦ የነበረውን ማስበየድ፣ ያገለገለ ቴስታታ መግዛት፣ አዲስ መግዛት፣ ወይም ሞተሩን በሙሉ መቀየር። ብዙዎች የሚወስኑት የተጠየቁትን ዋጋ ብቻ አይተው ነው። እዚህ ግን አራቱን የማነጻጽረው በዋነኛነት በሌላ ጥያቄ ነው፤ ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ደኅንነቱን ማረጋገጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም? የተገጠመ ቴስታታ በወሩ ውሃ መሳብ ከጀመረ የእጅ ዋጋው፣ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ)፣ ዘይቱና ኩላንቱ ሁሉ እንደገና ይከፈላሉና።

ከግዢው በፊት መሰንጠቁ ራሱ መረጋገጥ አለበት። ውሃ ሳይፈስ መጉደሉ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ቱቦ መጠጠሩ፣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ መታየቱ፣ ጠዋት ነጭ ጭስ መብዛቱ፣ ዘይቱ ወተት መምሰሉ፣ እነዚህ ሁሉ የተቃጠለ ጓርኒሲዮንም ምልክቶች ናቸው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረገው ሰማያዊ የምርመራ ፈሳሽ የጭስ ጋዝ ወደ ውሃው መግባቱን ያሳያል፤ በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሆኖም የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ሲዞር ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ አየር ስለሚስብ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አነስተኛ ነው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ (በዝቅተኛ ዙር) እየዞረ ብቻ የተደረገ ምርመራ «ምንም የለበትም» ቢል አያስተማምንም፤ መኪናው ዳገት ወጥቶ ወይም ጭነት ተሸክሞ ከተመለሰ በኋላ መደገም ይኖርበታል።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ቴስታታው ወርዶ፣ ከካርቦንና ከዝገት ጸድቶ ነው። ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከተጠረገ በኋላ ነጭ ዱቄት የሚነፋበት ምርመራ ስንጥቁ ፊት ለፊት ካለ ያወጣዋል። በማግኔት የሚደረገው ምርመራ ግን ለካስት አይረን እንጂ ለአሉሚኒየም አይሠራም፤ አሉሚኒየም ማግኔት አይስበውምና። ከሁሉ የሚበልጠው የውሃ መተላለፊያዎቹ በጎማና በብረት ሳህን ተደፍነው፣ ቴስታታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የታመቀ አየር የሚገባበት ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ሙቀቱ ወሳኝ ነው። ሲቀዘቅዝ ተገጣጥሞ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ብዙ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተፈትኖ «ደህና ነው» የተባለ ቴስታታ መንገድ ላይ ሲያፈላ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽን ቤቱ የሚፈትነው በሙቅ ውሃ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለውም።

በሁለት ቫልቮች መካከል የታየ ስንጥቅ ሁሉ ቴስታታውን አያስጥልም። ለምሳሌ ቮልስዋገን ለ1.9 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ያለ፣ ስፋቱ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስንጥቅ ያለው ቴስታታ ተመልሶ እንዲገጠም ይፈቅዳል። ይህ ልክ ለሌላ ሞተር በቀጥታ አይወሰድም፤ የየሞተሩ መመሪያ ይታያል። ውሃ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ግን ምንም ያህል ቀጭን ቢሆን ይቅርታ የለውም።

ወደ ምርጫዎቹ ስንመጣ የመጀመሪያው መለያ ቴስታታው የተሠራበት ብረት ነው። በፕራዶ፣ በሰርፍና በሃይሉክስ ላይ የምናውቀው የቶዮታ 1ኬዜድ ሞተር፣ 3 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደሩ፣ ባዛሜንቶው (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) ካስት አይረን፣ ቴስታታው ደግሞ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የካስት አይረንን እጥፍ ያህል በመሆኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ በብሎኖች ተይዞ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። የአብዛኞቹ የጭነት መኪኖች ቴስታታ ግን ካስት አይረን ነው፤ ቶሎ ባይጣመምም በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ይሰነጠቃል። በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጨምር ሾፌር እንደዚህ ያለውን ቴስታታ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጣው ይችላል።

አሉሚኒየምን በአርጎን ማስበየድ ይቻላል፤ ችግሩ ያለው ከብየዳው በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ተቆፍሮ መውጣት፣ ቴስታታው በምድጃ ቀስ ብሎ መሞቅ፣ ከተበየደ በኋላም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ከዚያ የቫልቭ መቀመጫዎቹ እንደገና ይሠራሉ፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚያርፍበት መስመር መቃናቱ ይታያል፣ ፊቱ ይስተካከላል፣ በመጨረሻም በሙቅ ውሃ ይፈተናል። በብየዳው አካባቢ ያለው አሉሚኒየም ከፋብሪካ የወጣበትን ጥንካሬ በከፊል ስለሚያጣ ሥራው ቢያምርም እንደ አዲስ አይቆጠርም። ካስት አይረን ከዚህም ይብሳል፤ ሳይሞቅ በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ተሰባሪ ሆኖ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። በምድጃ እስኪቀላ አሙቆ መበየድ ወይም ስንጥቁን ጥርስ ባላቸው ተከታታይ ሚስማሮች ያለ እሳት መስፋት የተሻለ ቢሆንም ይህን በአግባቡ የሚሠራ ቤት ማግኘት ራሱ ፍለጋ ይጠይቃል። ማስበየድን የምመክረው ስንጥቁ ከማቃጠያው ክፍል ርቆ በውጭ በኩል ለሚገኝ፣ ወይም መለዋወጫው ከገበያ ለጠፋ ሞተር ነው።

ያገለገለ ቴስታታ በሶማሌ ተራም ሆነ ከሻርጃ በሚመጡ ዕቃዎች መካከል ይገኛል፤ ዋጋው የሚያማልል ነው። ሻጩ ግን የዚያ መኪና ሞተር ለምን እንደተፈታ አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ ከሆነ ምክንያቱ ያንተው ችግር ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግዢው «በሙቅ ውሃ ተፈትኖ አየር ካፈሰሰ እመልሳለሁ» በሚል ስምምነት፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ ባይፈጸም ይሻላል። ፊቱ ቀደም ብሎ ተላጭቶ እንደሆነ ውፍረቱን መለካትም ግድ ነው። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑና ቫልቩ የሚቀራረቡት በጣም ስለሆነ የተላጨ ቴስታታ ቫልቩን ወደ ፒስተኑ ያቀርባል፤ አንዳንድ አምራቾችም የናፍጣ ቴስታታ መላጨትን ጨርሶ ይከለክላሉ። ለካስት አይረን የጭነት መኪና ቴስታታ ግን ተፈትኖ ያለፈ ያገለገለ ዕቃ በብዙ መልኩ ብልህ ግዢ ነው።

አዲስ ሲባል ሁለት ዓይነት አለ። የመኪናው አምራች ራሱ በስሙ የሚያቀርበው ኦርጅናል ውድ ነው፤ በኦርጅናል ካርቶን የተጠቀለለ አስመሳይም ስላለ ደረሰኝ የሚሰጥ አስመጪ ያስፈልጋል። ሌላው ገለልተኛ አምራቾች የሚሠሩት ነው፤ ከእነዚህ መካከል የስፔኑ ኤኤምሲ ለረጅም ጊዜ በቴስታታ ሥራ የሚታወቅ ሲሆን ለ1ኬዜድም ያቀርባል። ስም የሌለው ዕቃ ሲቀረጽ ውስጡ የቀረ አሸዋ ወይም ያልተስተካከለ ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል አዲስ ቢሆንም ይፈተን። ዋጋ ሲነጻጸር አንድ ነገር መታየት አለበት፤ ባዶ ቴስታታና ቫልቭ፣ ስፕሪንግና ካምሻፍት የተገጠመለት ቴስታታ አንድ አይደሉም። ባዶውን በርካሽ የገዛ ሰው አሮጌ ቫልቮቹን ለማስገጠምና ለማስቆረጥ ማሽን ቤት ይሄዳል፤ ደምሮ ሲያየው ልዩነቱ ጠቦ ያገኘዋል።

ሙሉ ያገለገለ ሞተር የሚታሰበው ዘይት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የኮሎ (የክራንክሻፍት) ብረቶች ከተበሉ ወይም ፒስተን ከተቃጠለ ብቻ ነው። የሞተር ቁጥሩ የሚገኘው ባዛሜንቶው ላይ ስለሆነና በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር ሞተር መቀየር የሰነድ ጉዳይ ያስከትላል፤ ቴስታታ መቀየር ግን ቁጥሩን አይነካም። ለእኔ ይህ ብቻውን ቴስታታውን እንድመርጥ ይበቃኛል።

የትኛውም ቢመረጥ ጓርኒሲዮኑ እንዳገኙት አይገዛም። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች፣ በ1ኬዜድም ጭምር፣ ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ይመጣል፤ የሚመረጠውም ፒስተኖቹ ከባዛሜንቶው ፊት ምን ያህል እንደሚወጡ በመለኪያ ሰዓት ተለክቶ ነው። ቀጭኑ ከተገጠመ ፒስተኑ ሊነካ ይችላል፣ ወፍራሙ ከተገጠመ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል። ብሎኖቹም በመመሪያው ቅደም ተከተል፣ ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠበቃሉ።

ስለዚህ ለ1ኬዜድና ለመሰል የአሉሚኒየም ቴስታታዎች ምርጫዬ ስሙ ከሚታወቅ ገለልተኛ አምራች የመጣ፣ ሙሉ ሆኖ የተገጣጠመ አዲስ ነው፤ ለካስት አይረን ደግሞ በሙቅ ውሃ ያለፈ ያገለገለ። ከግዢው ጋር ግን የማቀዝቀዣው ሥርዓት አብሮ መታደስ አለበት፦ የተደፈነው ራዲያተር ይጸዳል ወይም ይቀየራል፣ የማራገቢያው ክላች ይታያል፣ የዛገው ውሃ በኩላንት ይተካል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ክፍት ሆኖ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ሞተር የሚሠራበት ሙቀትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት መያዝ ያቃተው ግን ሞተሩን በዚህ ጠባብ ልዩነት ላይ ያስቀረዋል፤ በርካሽ የሚቀየር ዕቃ በመሆኑም ከአዲሱ ቴስታታ ጋር መገዛት አለበት። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የሚለው የቆየ ልማድ ግን ሞተሩ ሙቀቱን እንዳይጠብቅ፣ ነዳጅ እንዲበላና ያለ ዕድሜው እንዲያልቅ ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በሞተሩ መመሪያ በተጻፈው ዲግሪ የሚከፈት አዲስ ይገጠም።