ጨጓራው ለተቀነሰ ሰው የምትሆን ሾርባ ቤት

አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን ካስቀነስኩ 4 ወር ሆነኝ። ስሊቭ የሚሉት ነው፣ ከጨጓራው 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል። ጅማ ስመለስ ውጭ መብላት ፈርቼ ነበር፤ በኛ አገር "በቃኝ" ብትል ማን ይሰማሃል?

ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያለችው ትንሽ ሾርባ ቤት ግን ገላገለችኝ። ባለቤቷን "እትዬ፣ ግማሽ ጭልፋ ብቻ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና የምስር ሾርባውን በሻይ ብርጭቆ አመጡልኝ፣ ድቅቅ ያለ የዶሮ ሥጋ ጣል አድርገውበት። በሻይ ማንኪያ 20 ደቂቃ ስጎተት ማንም ተነስ አላለኝም፣ ሂሳቡም ግማሽ ሆነልኝ።

ጉድለቷ፣ በርበሬው ይበዛል፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። ውሃም ሳትጠይቁ ይቀርባል፤ ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። አምቦ ውሃማ ጭራሽ!

ገና ኦፕራሲዮን ልትገቡ ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ "ምን ነካኝ?" ብላችሁ ልታለቅሱ ትችላላችሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ፣ ያልፋል። ፕሮቲኑን አስቀድሙ፣ ቫይታሚኑን አትዝለሉ። ቡና ደግሞ ሐኪማችሁ እስኪፈቅድ የለም፣ ጅማ ተቀምጦ ያለ ቡና መክረም ከቢላዋው ቢብስም።