ሎን ሬንጀር፦ የቱ ይሰማ፣ የቱ ይታይ፣ የቱ ይቅር?

ከሎን ሬንጀር ሥራዎች አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉ ሬዲዮውን ምረጡ። ይህ የአሜሪካ ልብ ወለድ ጀግና፣ ጭምብል ለባሹ ካውቦይ፣ በ1933 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዲትሮይት ከሚገኘው የደብሊው ኤክስ ዋይ ዚ ጣቢያ ሲወጣ የተፈጠረው ለጆሮ ነው። በኋላ በቴሌቪዥን፣ በፊልምና በኮሚክ የመጡት የሚያምሩት ያንን የሬዲዮ ሰው ባልረሱበት ቦታ ነው።

የጣቢያው ባለቤት ጆርጅ ትሬንድል፣ ዋናው ደራሲ ፍራን ስትራይከር ነበሩ። ድራማው ግማሽ ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየተላለፈ እስከ 1954 ዘልቋል። የሮሲኒ «ዊልያም ቴል» ሙዚቃ ይፈነዳል፣ ኮቴ ይከተላል፣ ተራኪው ይገባል፤ ወዲያው ሜዳው ላይ ናችሁ። ኮቴውን ባለሙያዎቹ ያወጡት የነበረው የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበትን ጎማ ጠጠር ላይ እየደበደቡ ነው። ፈረሱ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ሲያልፍ በጆሮ ይለያል። ጀግናው የአራዳ ቋንቋ አይናገርም፤ አረፍተ ነገሩ ሙሉና ንጹሕ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አድማጭ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የጀግናው የአሜሪካ ነባር ተወላጅ አጋር ቶንቶም የመጣው ከሬዲዮው ፍላጎት ነው፦ ብቻውን የሚጋልብ ሰው የሚያነጋግረው ከሌለ አድማጩ ሐሳቡን ከየት ይሰማል?

በተለይ የኤፕሪል 1941ን ክፍሎች ፈልጉ። መሪ ተዋናዩ ኧርል ግሬዘር በመኪና አደጋ ሲሞት ጀግናው በድራማው ውስጥ እንዲቆስል ተደረገ፤ ለተወሰኑ ክፍሎች መናገር ተሳነው፣ ሲያገግም የተሰማው የብሬስ ቢመር ጎርናና ድምፅ ነበር። ሐዘንን በዚህ ጥንቃቄ የተሻገረ ድራማ ጥቂት ነው።

በሰፊው የሚገኘው ቅጂ ከ1938 ወዲህ ያለው ነው። ስታወርዱ ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ የስርጭት ቀኑ መጻፉንና ፍጥነቱ ልክ መሆኑን። መግቢያው ሙዚቃ ከተለመደው ቀጥኖና ቸኩሎ ከተሰማ ድራማው የተቀረጸበት ዲስክ ሲቀዳ ፍጥነቱ ተዛብቷል፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። የ«ሽሽሽ» ድምፁ ከበዛ ቀጭን ድምፁን (ትሬብሉን) ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ነው። ከ1949 እስከ 1957 በአሜሪካው የኤቢሲ ጣቢያ የታየው 221 ክፍል አለው፤ ክሌይተን ሙር ጀግናውን፣ ጄይ ሲልቨርሂልስ ቶንቶን ይጫወታሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ሳታዩ ወደ ሌላ አትለፉ። ስድስት ሬንጀሮች (የቴክሳስ ሕግ አስከባሪዎች) በካቨንዲሽ ወንበዴዎች ይከበባሉ፣ አምስቱ ይሞታሉ፣ የተረፈውን ጀግናችንን ቶንቶ ያድነዋል። ጭምብሉ ከሟች ወንድሙ ሰደርያ ይቆረጣል፤ ሁሉም ሞተዋል እንዲባል ስድስት መቃብር ይቆፈራል። ከዚያ ወዲህ ጀግናው የሚተኩሰው የብር ጥይት የሚያስፈታው ሽጉጥን እንጂ ነፍስን አይደለም። ይህ ደንብ ታሪኩን ያከብደዋል፣ ምክንያቱም በየክፍሉ ከመግደል የሚከብድ መውጫ መገኘት አለበት።

ጆን ሃርት ሙርን የተካባቸው ክፍሎች ደረቅ ናቸው፤ ብትዘሏቸው አይቆጭም። የመጨረሻው ዙር በቀለም ነው። ርካሽ ዲስክ ግን አትግዙ፦ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ስለሚሆን የሌሊቱ ትዕይንት ጥቁር ሰሌዳ ይመስላል፣ ፊትም አይለይም። «ከዋናው ፊልም የታደሰ» የሚለውን ምረጡ።

የዚህ ሥራ እውነተኛ ጉድለት የቶንቶ ንግግር ነው። ሲልቨርሂልስ ካናዳ ውስጥ የተወለደ የሞሃውክ ተወላጅ ነበር፤ የተሰጠው ግን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። በአቋሙና በዓይኑ ክብር ጨምሮበታል፣ ጽሑፉ ግን ያሳንሰዋል። ከልጆች ጋር ስታዩ ይህን ንገሯቸው።

የ1981ዱ ፊልም ይቅር። በመሪ ተዋናዩ በክሊንተን ስፒልስበሪ ፊት ላይ የሌላ ተዋናይ፣ የጄምስ ኪች፣ ድምፅ ተለጥፎበታል፤ በድምፅ ለተወለደ ገጸ ባህሪ ከዚህ የባሰ ስህተት የለም። የ2013ቱ ደግሞ 149 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጀግናውን መሳቂያ ያደርገውና በኋላ እንድናከብረው ይጠይቃል። ወንበዴው የሰው ልብ ሲበላም ስላለበት ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ሲነሣ የሚጀምረው የባቡር ግብግብ ግን ድንቅ ነው፤ እሱን ብቻ ማየት ይበቃል።

በኮሚክ በኩል አሳታሚው ዳይናማይት በ2006 የጀመረውን 25 እትም ለአዋቂ አንባቢ እመክራለሁ። ደም ይበዛበታል፣ የጆን ካሳዴይ ሽፋኖች ግን ልዩ ናቸው።

መታሰቢያ ዕቃ ለምትሰበስቡ፦ በጣም የሚፈለገው በ1947 የኪክስ ቁርስ ካርቶን ክዳንና 15 ሳንቲም ለላከ የተሰጠው የሎን ሬንጀር የአቶሚክ ቦምብ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ላይ ያለው የቦምብ ቅርጽ ቀይ ጅራት ሲነቀል በጨለማ ውስጥ የሚብለጨልጭ ነጥብ ይታይ ነበር። ብልጭታውን የሚሰጠው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ፖሎኒየም፣ በየ138 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስኑት ቀዩ ጅራት መኖሩና ቀለበቱ አለመሰንጠቁ ነው፤ «እስካሁን ያበራል» ከሚል ሻጭ አትግዙ።