ኦንላይን ልጀምር ወይስ መግቢያዬን ላራዝም? ብር ከመላካችሁ በፊት አንብቡት

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ኢንተርኔት ቤት አለኝ። ውጭ ለመማር የሚያመለክት የደብረ ብርሃን ልጅ ብዙ ጊዜ ፎርሙን የሚሞላው እኔ ጋ ነው። ሰሞኑን ከመሐል ሜዳ የሚመጣውም፣ ከሸዋ ሮቢት የሚደውለውም፣ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶችም የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። አድሚሽኑ መጥቷል፣ ቪዛው አልመጣም፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ «በመስከረም ካገርህ ሆነህ በኦንላይን ጀምር» ይላል። ይጀመር ወይስ መግቢያው ይራዘም? ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ይህን የጻፍኩት በሐምሌ 2013 ነው፤ ከታች ያለው ዋጋ፣ ምንዛሪ፣ ሕግና የመሥሪያ ቤት ስም ሁሉ የዚያን ጊዜ መሆኑን ያዙልኝ፤ በኮሮና ምክንያት ሕጉ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቪዛ እጁ ላይ የሌለ ሰው መግቢያውን ያራዝም። ዲፈር ያድርግ። ኦንላይን የሚያዋጣበት ሁኔታ አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ፣ ግን ጠባብ ነው።

ከብሩ እንጀምር። ብዙ ወላጅ «ከቤት ሆኖ ስለሚማር ይረክሳል» ብሎ ያስባል። አይረክስም። የቤት ኪራይና የአውሮፕላን ትኬት ይቀራል እንጂ የትምህርት ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። እንበል አንድ የካናዳ ኮሌጅ በዓመት 15,000 የካናዳ ዶላር ያስከፍላል። የካናዳ ዶላር በባንክ 35 ብር አካባቢ ስለሆነ 525,000 ብር ማለት ነው። ይህን ከፍላችሁ በዙም ትጀምራላችሁ። ቪዛው በጥቅምት ቢከለከልስ? አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ቪዛ ለተከለከለ ተማሪ ገንዘብ የሚመልሱት ትምህርት ሳይጀመር ሲነገራቸው ነው። ከተጀመረ በኋላ ተመላሹ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቆማል። ባለፈው መስከረም እኔው ፎርሙን የሞላሁለት ልጅ ይኸው ነው የደረሰበት። ቪዛው ሲከለከል ትምህርት ቤቱ «ክፍል ገብተሃል» ብሎ የከፈለውን ያዘበት። ለወራት ኢሜይል ተጻጻፍን። ያገኘነው መልስ የተመላሽ ደንባቸው ያለበት ሊንክ ብቻ ነው። አባቱ ያንን ብር ያገኙት በሬ ሸጠው፣ ከዘመድም ተበድረው ነበር።

ዲፈር ሲደረግ ግን የከፈላችሁት ዲፖዚት (ቅድሚያ ክፍያ) ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ይዛወራል። ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ አለ፣ የማይጠይቅም አለ፣ ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁ።

በቅርቡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይጀምር እንጂ፣ ዓመቱ ከሚያልፈው» አሉኝ። «እትዬ፣ ዓመቱስ ተመልሶ ይመጣል፣ ብሩ ነው የማይመለሰው» አልኳቸው። አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

አሜሪካ ለምታስቡ። የቪዛ ማመልከቻው 160 ዶላር፣ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት ሲስተም) ክፍያው 350 ዶላር፣ በድምሩ 510 ዶላር ነው። ዶላር በባንክ 44 ብር አካባቢ ስለደረሰ ከ22,000 ብር በላይ ይሆናል። ቪዛው ቢከለከል 160ው አይመለስም። ሴቪሱ ግን በዚያው ትምህርት ቤት ዲፈር ካደረጋችሁና የሴቪስ ቁጥራችሁ ካልተቀየረ እንደገና አያስከፍላችሁም። ይህን ባለማወቅ ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። አዲሱ አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጣችሁ ፎርም) ሲላክላችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን ከድሮው ጋር አስተያዩ።

አሜሪካ ላይ ኦንላይን የማልመክርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አምና ሰኔ 29 ቀን 2012 መንግሥታቸው ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ የውጭ ተማሪ ከአገር ይውጣ አለ፤ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ከሰሱና ሐምሌ 7 ቀን ውሳኔው ተሻረ። ብዙ ሰው «ተሻረ» የሚለውን ብቻ ነው የሰማው። ለአዲስ ተማሪ ግን አልተሻረም። ከአሥር ቀን በኋላ በወጣው መመሪያ አዲስ ተማሪ ለሙሉ ኦንላይን ትምህርት በተማሪ ቪዛ መግባት አይችልም፣ ዘንድሮም ያው ነው። እዚህ ሆናችሁ ስትጀምሩ ደግሞ ሴቪስ ውስጥ አክቲቭ አትሆኑም፤ በትምህርት መሐል ለመሥራት ለሚሰጠው ፈቃድ የሚጠየቀው አንድ የትምህርት ዓመትም አይቆጠርላችሁም። ስለዚህ የምትከፍሉት ሙሉ ዋጋ ነው፣ የምታገኙት ግን ክሬዲቱን ብቻ ነው።

እንግሊዝ የዋጋ ነገሩ የባሰ ነው። ኢትዮጵያ ከመጋቢት 10 ቀን 2013 ጀምሮ ቀይ መዝገባቸው (በኮሮና ምክንያት ጥብቅ ገደብ የጣሉባቸው አገሮች ዝርዝር) ውስጥ አለች። ቪዛ ያለው ተማሪም ቢሆን እንደደረሰ መንግሥት በመደበው ሆቴል 10 ቀን ይቀመጣል፣ ወጪው 1,750 ፓውንድ የራሱ ነው። ፓውንዱን በ60 ብር ምቱት፣ 105,000 ብር! ይህ ከ348 ፓውንድ የቪዛ ክፍያና በዓመት ከ470 ፓውንድ የጤና ክፍያ ውጪ ነው። ከሰኔ 24 ጀምሮ ደግሞ የተመረቀ ተማሪ 2 ዓመት ቆይቶ እንዲሠራ የሚፈቅድ አዲስ ቪዛ ተከፍቷል። ይህ ዕድል በጥር የሚገባውንም ይጠብቀዋል። ታዲያ ለምን ይቸኮላል? ጥር እስኪደርስ ቀይ መዝገቡ ከተነሳ 105,000 ብር ኪሳችሁ ቀረ ማለት ነው።

ጀርመን ብዙ አላወራም። ለኑሮ ወጪ ማሳያ በዝግ አካውንት የሚቀመጠው 10,332 ዩሮ ከ530,000 ብር በላይ ስለሆነ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ ስትደርሱ በየወሩ 861 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። ልብ በሉ፣ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ካገሩ ሆኖ መከታተል የሚችል ተማሪ እንዲገባ አይፈቅዱም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን «በአካል መገኘት ግዴታ ነው» የሚል ደብዳቤ ጠይቁት። ያ ደብዳቤ ከሌለ ኤምባሲ ቀጠሮ አትያዙ።

አውስትራሊያና ቻይና በራቸው ገና ዝግ ነው። ቻይና ከመጋቢት 19 ቀን 2012 ጀምሮ የተማሪ መግቢያ ዘግታለች፤ ሕክምና በስልክ ስክሪን የሚማሩ ልጆች አሉን። ሕክምና፣ ላብራቶሪ ያለው ሳይንስ፣ ምህንድስና እንደዚህ አይሆንም። እነዚህን ትምህርቶች በኦንላይን እንድትጀምሩ በምንም ዋጋ አልመክርም።

አሁን ስለ እኛ ቤት እናውራ። ብሮሹሩ ላይ የማይጻፈው ይኸኛው ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስቡ። ቶሮንቶ በዚህ ወቅት ከኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት የሚጀምር ክፍል እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ ይህ ይቻላል። የማታ ክፍል ከሆነ ግን ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። የቤጂንግ የጠዋት 2 ሰዓት ክፍል እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ኢንተርኔት ቤት በዚያ ሰዓት ክፍት አይደለም፤ የኔም አይደለም። ስለዚህ በስልክ ዳታ ነው የሚሆነው። ቪዲዮ የተከፈተበት ዙም በሰዓት ወደ 1 ጊጋ ይበላል። በሳምንት 15 ሰዓት ክፍል ካላችሁ በወር 60 ጊጋ ነው። የጥቅሉን ዋጋ አስሉና ከትምህርት ክፍያው ላይ ደምሩት።

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ታኅሣሥ ፈተና የተፈተነችው ሌሊት ነው። ብርዱን የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል። ጋቢ ደርባ፣ ላፕቶፑን የእንጀራ መሶብ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ስለሆነ እዚያ አንጠልጥላው። የፈተናው ፕሮግራም በካሜራ ፊቷን ይጠብቃል። መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ክፍሉ ግን ስለጨለመ ካሜራው ፊት አጣና ፈተናውን ዘጋው። እናትየዋ ኩራዝ ይዘው ሲደርሱ ስክሪኑ ላይ «ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ነበር። መምህሩ ደግ ሰው ሆኖ ድጋሚ ፈተናት። ሁሉም መምህር ግን እንዲህ አይደለም።

መብራት በባትሪና በፓወር ባንክ ይታለፋል እንበል። አምና ሰኔ 23 ኢንተርኔት ሲዘጋስ? ለሳምንታት አልተከፈተም። የክረምት ኮርስ የጀመረ ልጅ መምህሩን «ኢንተርኔት የለኝም» ብሎ የሚያሳውቅበት ኢሜይል እንኳ አልነበረውም። አጣዬና አካባቢው ዘንድሮ የደረሰበትን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ደብረ ብርሃን ተፈናቅሎ ያለ ልጅ ኦንላይን ጀምር ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። እሱ መጀመሪያ ሰነዱን ያሰባስብ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ከፈተናዎች ኤጀንሲ እንደገና ማውጣት ይችላል። ለዚህ ጊዜ የሚሰጠው ዲፈር ነው።

ኦንላይን የሚያዋጣው የቱ ጋ ነው? ካናዳ ነው፣ ያውም በቅድመ ሁኔታ። ከጥቅምት 10 ቀን 2013 ጀምሮ የኮሮና ዝግጅት ዕቅዳቸው የጸደቀ ኮሌጆች ተማሪ እየተቀበሉ ነው። ከካናዳ ውጪ በኦንላይን የተማራችሁት ጊዜ ከምረቃ በኋላ ለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ይቆጠራል፣ እስካሁን ባለው ሕግ እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2014። ትምህርቱን ከመጀመራችሁ በፊት ግን የተማሪ ፈቃድ ማመልከቻችሁ የገባ መሆን አለበት። ማመልከቻው 150፣ አሻራው 85፣ በድምሩ 235 የካናዳ ዶላር ወይም 8,200 ብር ገደማ ነው። ፈቃዱ ጸድቆ ደብዳቤው እጃችሁ ከገባ፣ የቀረው በረራና ኳራንቲን ብቻ ከሆነ፣ ጀምሩ። ስለ ክትባት ደግሞ ይህን እወቁ፤ ካናዳ ከሰኔ 28 ጀምሮ ሙሉ የተከተበን ሰው ከኳራንቲን ነፃ ብታደርግም አስትራዜኔካን ትቀበላለች፣ ሲኖፋርምን አትቀበልም። እዚህ አገር ሁለቱም ስለሚሰጡ የምትከተቡት የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ስኮላርሺፕ ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘና «ካልጀመርክ ይቃጠላል» የተባለ ልጅ በኦንላይን ይጀምር፣ ከኪሱ የሚወጣው ዳታ ብቻ ነውና። ግን «ይቃጠላል» ያለው ማነው? ኤጀንቱ ከሆነ አትመኑት። ከዩኒቨርሲቲው በኢሜይል ይምጣ።

ኤጀንትን ካነሳሁ አይቀር። በዚህ ወረርሽኝ የተቀጣጠለው ንግድ የሐሰት አድሚሽን ነው። «ቪዛ የማያስፈልገው የውጭ ዲግሪ፣ በኦንላይን፣ በ6 ወር» እያሉ በቴሌግራም ይለጥፋሉ። እኔ ጋ ፕሪንት ሊያደርጉት ካመጡት አንዱ ደብዳቤ ላይ ማኅተሙ ከድረ ገጽ ተቆርጦ የተለጠፈ ስለነበር ዳር ዳሩ ነጭ ካሬ ይታይ ነበር። ልጁ ለዚያ ደብዳቤ ከፍሏል። ካናዳ ከሆነ ትምህርት ቤቱን በመንግሥታቸው ድረ ገጽ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት፤ በእንግሊዝኛው ኦ ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለው። ከዝርዝሩ ከሌለ የተማሪ ፈቃድ የለም። ተመልሳችሁ አገር ቤት ልትሠሩበት ከሆነም የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ለዚያ ዓይነት ዲግሪ የአቻ ግምት ይሰጥ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። «የባንክ ስቴትመንት እናሳምርልሃለን» የሚላችሁን ደግሞ ሽሹት። በሐሰተኛ ሰነድ የተያዘ ሰውን ካናዳ 5 ዓመት ታግደዋለች፤ አሜሪካ ጭራሽ ዕድሜ ልክ ልትዘጋበት ትችላለች።

ዲፈር የመረጣችሁ ልጆች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቀን ያላቸው ወረቀቶች አሉ። የእንግሊዝ የቲቢ ምርመራ የሚያገለግለው 6 ወር ነው፣ የካናዳ የጤና ምርመራ 12 ወር፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዎቹ አይኤልትስና ቶፍል 2 ዓመት። ለምርመራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ አዲስ አበባ መውረድ አለ፣ ስለዚህ የቲቢውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። የእንግሊዝኛ ውጤት የሌላችሁ፣ የዱዎሊንጎ ፈተና አለ፤ 49 ዶላር ነው፣ ከቤት ይወሰዳል፣ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል። መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ውሰዱት ብቻ።

ዲፈር የሚጠየቀው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነው። ኢሜይሉ አጭር ይሁን፦ ስም፣ የማመልከቻ ቁጥር፣ ቪዛው በኮሮና ምክንያት መዘግየቱ፣ የምትፈልጉት ሴሚስተር። ከዚያ ሦስት ጥያቄ፦ ዲፖዚቴ ይዛወራል? ስኮላርሺፔ ይቆይልኛል? ቪዛ ብከለከል ስንት ይመለስልኛል? መልሱን ፕሪንት አድርጋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡ። በስልክ የተነገራችሁን በኢሜይል እንዲደግሙላችሁ ጠይቁ። መጻፍ ያስቸገረው ጠባሴ ይምጣ፣ አብረን እንጽፈዋለን፤ ለዚህ አላስከፍልም።