ፖሊግላክቲን 910 የቀዶ ጥገና ክር፦ በደጋውም በቆላውም ሲፈተን

በሰሜን ሸዋ በእንስሳት ሕክምና ለተሰማራን ባለሙያዎች የስፌት ክር ምርጫ እንደ ቀላል ጉዳይ የሚታይ አይደለም። ምጥ የጸናባትን ላም ወይም በግ በቀዶ ጥገና ካዋለድን በኋላ ባለቤቷ ይዟት ወደ መንዝ ወይም ወደ አንኮበር ገደላማ ቀበሌዎች ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ የውስጡ ስፌት ቢላላ ወይም ቢያመረቅዝ ወሬው የሚደርሰን ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተጠቀምሁበትና ቪክሪል በሚለው የንግድ ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው ፖሊግላክቲን 910 የት እንደሚያዋጣና የት እንደማያዋጣ ለሙያ ባልደረቦቼ ልጽፍ ወደድሁ።

ክሩ ከግላይኮሊክ አሲድና ከላክቲክ አሲድ የሚገኙ ሁለት ውህዶች በ90 ለ10 ምጣኔ ተጋጥመው በሠሩት ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተገኘ ነው። ሰንሰለቱን ያያዘው የኤስተር ማሰሪያ ውሃ ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይበጠሳል፤ የሰውነት ርጥበት ለዚህ በቂ ስለሆነ ኢንዛይምም ሆነ ነጭ የደም ሴል መጥቶ እንዲያፈርሰው አያስፈልግም። በመጨረሻ የሚቀሩትን አሲዶች ሰውነት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ ለውጦ ያስወግዳቸዋል። ከበግና ከከብት አንጀት የሚሠራው ካትገት ግን ፕሮቲን ስለሆነ የሚፈርሰው በኢንዛይም ነው። በዚህም የተነሳ አካባቢው ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ቁስሉ ከተበከለ ደግሞ ክሩ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ያልቃል። በበግ ሀብቱ በሚታወቅ አገር ተቀምጦ ከበግ አንጀት የተሠራውን ክር መተው ለአንዳንዶች እንግዳ ቢመስልም፣ እኔ ለማህፀን ስፌት ካትገትን ከተውሁት ቆይቻለሁ።

የዚህ ኬሚስትሪ ታሪክ ሁልጊዜም ይደንቀኛል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዋላስ ካሮዘርስና ባልደረቦቹ ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ፖሊስተሮችን ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጡና ውሃ የሚጎዳቸው ሆነው ስለተገኙ ለልብስ አልሆኑም። ቡድኑ ፊቱን ፖሊአማይድ ወደሚባለው ሌላ የሰንሰለት ዓይነት አዞረና በ1935 ናይለንን አገኘ። ለጨርቅ ነውር የነበረው በውሃ የመፍረስ ጠባይ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ለቁስል ተፈላጊ ሆነ፤ የፖሊግላይኮሊክ አሲድ ክር በ1970 ገደማ፣ ፖሊግላክቲን ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በአንዲት ላም ላይ ሁለቱን አብረን እንጠቀማለን፤ ውስጡን በፖሊስተሩ ማለትም በፖሊግላክቲን፣ ቆዳውን በናይለኑ እንሰፋለን። አንድ የሞላሌ አርሶ አደር «ዶክተር፣ የውስጡንስ ክር መቼ ታወጡልኛላችሁ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አባባ፣ የውስጡ ራሱ ይጠፋል፤ የላይኛውን በአቅራቢያዎ ያለው ባለሙያ ይነቅልልዎታል» ማለት መቻል ለሐኪሙም ለባለቤቱም ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥንካሬውን በተመለከተ አምራቹ የሚሰጠው መረጃ ግልጽ ነው፤ ክሩ በሁለት ሳምንት ከመነሻ ጥንካሬው 75 በመቶ ያህሉን፣ በሦስት ሳምንት 50 በመቶውን፣ በአራት ሳምንት 25 በመቶውን ይዞ ይቆያል፤ ከ56 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ፈጽሞ ይጠፋል። ማህፀን ቶሎ ስለሚድን ይህ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ወይን ጠጅ ቀለሙ በደም መካከል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የተጎነጎነ በመሆኑ እጅ ላይ ይለሰልሳል፣ እንደ ናይለን እየተጠቀለለ አያስቸግርም። ሆኖም ከላይ የተቀባው ሽፋን ስለሚያንሸራትት ቋጠሮውን በሁለት ዙር ብቻ ትቶ መሄድ አይገባም፤ ጨመር አድርጎ፣ እያንዳንዱን ዙር ጠፍጣፋ አድርጎ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

መጎንጎኑ ጉዳትም አለው። በተጎነጎኑት ቀጫጭን ክሮች መካከል ተህዋሲያን ሊሸሸጉ ስለሚችሉ መግል በያዘ ቁስል ውስጥ አልመርጠውም። በሆድ ሥር ለሚሰፋው፣ የሆድ ዕቃውን ክብደት ለሚሸከመውና ቀስ ብሎ ለሚድነው መካከለኛ መስመርም እንደ ፖሊዳይኦክሳኖን ያለ ጥንካሬውን ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ክር ይሻላል።

ዋጋው ከካትገት ከፍ ይላል፤ ቅሬታዬ ግን በዋጋው ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነው። ክሩ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት፣ ከርጥበት ርቆ መቀመጥ አለበት። ይህ በደብረ ብርሃን ብርድ ብዙ አያሳስብም፤ የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ መደብር፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተደርድሮ የቆየ ክር ገዝቼ ገና ቋጠሮውን ሳጠብቅ እጄ ላይ ተበጥሶብኛል፤ ከሌላ ቦታ የተገዛው ያው ዓይነት ክር እንዲህ አላደረገኝም። ሙቀትና ርጥበት ሲገናኙ በላሟ ሆድ ውስጥ መካሄድ የነበረበት መፍረስ በመደርደሪያው ላይ ይጀምራል።

ስለዚህ የምትገዙ ባልደረቦቼ የአሉሚኒየሙ መጠቅለያ ያልተበሳና ያልተነፋ መሆኑን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንም አይታችሁ ግዙ፤ ሻጩንም የት እንዳስቀመጠው ጠይቁት። ወደ ቆላ ስትወርዱ በመኪናው መስኮት ሥር ሳይሆን የክትባት መያዣ ሣጥን ውስጥ፣ በረዶው እንዳይነካውና እንዳይረጥብ በደረቅ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙት። ከተከፈተ እሽግ የተረፈውን ደግሞ በአልኮል ነክሮ ወይም ቀቅሎ ለሌላ ቀን ማቆየት ይቅር፤ ፍል ውሃ ያገኘው ይህ ክር ለሚቀጥለው ቀዶ ጥገና የሚታመን ጥንካሬ አይኖረውም።