የሚወልቅ ጥርስ፦ ፕላስቲኩ፣ ብረቱ ወይስ ተጣጣፊው?

የመጀመሪያውን የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርሴን ያደረግኩ ዕለት ቤት እንደገባሁ መስታወት ፊት ቆሜ «ስድሳ ስድስት» ለማለት ሞከርኩ። የወጣው ሌላ ነገር ነው። ምራቄ ያለ ልክ ይሞላል። ምላሴም አዲስ ዕቃ እንዳየ ሕፃን ዳር ዳሩን እየነካካ አላርፍ አለኝ።

ያኔ የተሰራልኝ ፕላስቲኩ ነበር። ከዓመት በኋላ ወደ ብረቱ ዞርኩ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ተጣጣፊውን ታደርጋለች። ስለዚህ ሦስቱንም በቅርብ አውቃቸዋለሁ። «የቱ ይሻላል?» ለሚለኝ ሁሉ የምለው ይህን ነው፦ ቶሎ የሚለመደውና የቀሩትን ጥርሶች የሚያቆየው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ምንድን ናቸው?

ፕላስቲኩ አክሪሊክ ይባላል። ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰው ሰራሽ ጥርስ ሲያገለግል የኖረ ቁስ ነው። የድድ መልክ ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ጥርሶቹ ይደረደሩና በሽቦ መንጠቆ ከራስዎ ጥርሶች ጋር ይያዛል። ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ የኮባልትና የክሮም ቅይጥ ነው። አጽሙ ብረት ይሁን እንጂ ጥርሶቹ የተተከሉበት ድድ መሳይ ክፍል እሱም ላይ አክሪሊክ ነው። ተጣጣፊው ከናይሎን ይሰራል። መንጠቆው ራሱ ድድ የሚመስል ስለሆነ ሲስቁ የሚያብረቀርቅ ነገር አይታይም። እህቴ የመረጠችው ለዚህ ብቻ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

እዚህ ላይ ውፍረት ትልቅ ነገር ነው። የፕላስቲኩ ሽፋን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የብረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በተለይ የላይኛው ጥርስ ከሆነ ፕላስቲኩ ላንቃዎን በሰፊው ይሸፍናል፤ ብረቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ በጠባብ ድልድይ ብቻ ግራና ቀኙን ማገናኘት ይችላል። ለንግግርም፣ ቶሎ ለሚያቅለሸልሸው ሰውም ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ፕላስቲኩን ሳደርግ «ስ» እና «ሽ» የተስተካከሉልኝ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው ነው፤ ብረቱን በቀየርኩ ጊዜ አራት ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። በእርግጥ ያኔ አፌ ለምዶ ነበር።

ትኩስ ነገር ስጠጣም ለውጡን አየሁት። ብረት ሙቀት ያስተላልፋል፣ ስለዚህ የሚጠጡት ነገር ምን ያህል እንደሞቀ ላንቃዎ ያውቃል። ፕላስቲክ ሲሸፍነው ግን ሙቀቱን ሳያውቁት ጉሮሮዎ ላይ ይደርሳል። እኔ ሁለቴ ተቃጥያለሁ።

ተጣጣፊው መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ቀላል ነው፣ አፍ ውስጥ ገር ነው። ሲገባ ጠበቅ ካለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ያለሰልሰዋል። እህቴ በሳምንቷ «ጥርስ ማድረጌን ረሳሁት» ብላ አስቀንታኛለች።

የቱንም ቢመርጡ የማይቀር ነገር አለ። ምራቅ ይበዛል፣ ከቀናት በኋላ ይቀንሳል። አፍዎ ጠባብ የሆነ ይመስልዎታል። ጮክ ብሎ ማንበብ ከምንም በላይ ይረዳል። ምግብ በትንሽ በትንሹ ቆርጠው፣ ለስላሳውን በማስቀደም፣ በሁለቱም ጎን ያላምጡ፤ በአንድ ጎን ብቻ ካኘኩ ሌላው ጎን ይነሳል። ጥርሱን በጣትዎ ገፍተው ያስገቡ እንጂ ነክሰው አያስገቡ። መንጠቆ የሚጣመመው፣ ፕላስቲክም የሚሰነጠቀው እንዲያ ነው።

ሲያቆስል

ብዙ ሰው ሲገዛ የማያስበው ይህን ነው። አዲስ የሚወልቅ ጥርስ የሆነ ቦታ ላይ ድድ መላጡ የተለመደ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

ፕላስቲኩ ቀላል ነው። ሐኪሙ የሚጫነውን ቦታ ፈልጎ ይሞርደዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ አለቀ። ብረቱ ጥርስ ላይ የሚቀመጡ ትናንሽ ማረፊያዎች ስላሉት የማኘክ ጫናው በከፊል ወደ ጥርሶችዎ ይሄዳል፣ ድዱ ብዙ አይጎዳም። በእሱ ፋንታ መንጠቆ የያዛቸው ጥርሶች ለጥቂት ቀን የመወጠር ስሜት ይኖራቸዋል። መንጠቆው ከላላ ወይም ከጠበቀ ሐኪሙ በፒንሳ በትንሹ ሊያስተካክለው ይችላል። ተጣጣፊውስ? ናይሎን ሲሞረድ ጫፉ ይጎፈራል፣ መልሶ ማለስለሱም ያስቸግራል። የእህቴ በሦስተኛው ወር ማቁሰል ሲጀምር አራት ጊዜ ተመላልሳለች። ያ ምቹ የነበረው ጥርስ ሲበላሽ አስቸጋሪው እሱ ሆነ።

የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ፕላስቲኩ አንድ ቦታ ሲያቆስለኝ በጥፍር ሞረድ ራሴ ሞረድኩት። ቁስሉ ዳነ። ጥርሱ ግን መወዝወዝ ጀመረ፣ የተሳሳተውን ቦታ ነበር የሞረድኩት። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ሲያምዎት አውልቀው ያሳርፉት፤ ከቀጠሮው በፊት ግን መልሰው ያድርጉት። ቀዩ ምልክት ካልታየ ሐኪሙ የትኛውን ቦታ እንደሚነካ አያውቅም።

ጥርስ በቅርቡ ከነቀሉ

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱና ከስሩ ያለው አጥንት ይሟሽሻል፣ በብዛትም በመጀመሪያዎቹ ወራት። ዛሬ ልክ የሆነው ነገ ይሰፋል። ስለዚህ አፍዎ ገና እየተለወጠ ውድ የብረት ሥራ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ፕላስቲኩ ውስጡ ተሞልቶ ከአዲሱ የድድ ቅርጽ ጋር ይስማማል። ሌላ ጥርስ ቢነቀልም ይጨመርበታል። ብረቱ ላይ መጨመር እንደ አሠራሩ ነው፤ ናይሎኑ ላይ ሁለቱም ከባድ ናቸው።

ከጎዶሎው በስተኋላ ጥርስ መኖር አለመኖሩም ወሳኝ ነው። በፊትም በኋላም ጥርስ ካለ ብረቱ እንደ ድልድይ ይቀመጣል። መንጋጋው እስከ መጨረሻው ባዶ ከሆነ ግን ብረቱም ቢሆን ኋላው ድድ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እያደር መወዝወዙ አይቀርም። ለእንዲህ ያለ ረጅም ባዶ ቦታ ናይሎን አልመክርም፤ ሲተጣጠፍ ጫናው ሁሉ ድዱ ላይ ይወድቃል። ለአንድ ሁለት የፊት ጥርስ ግን ቆንጆ ነው።

አለርጂ ካለብዎት ቀድመው ይናገሩ። አንዳንድ ቅይጥ ኒኬል አለበት፣ አክሪሊክ የማይስማማውም ሰው አለ።

አያያዝ

ሁሉም ማታ ይወልቃሉ፣ ውሃ ውስጥ ያድራሉ። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ በረኪና ብረቱን ይበላል፣ የጥርስ ሳሙና ደግሞ ገጽታቸውን ይፍቃል። ሲያጥቡ ላቫንዲኖው ውስጥ ውሃ ይሙሉ፤ ፕላስቲኩ ከወደቀ ይሰበራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ብረት የሌለው ጥርስ በድንገት ቢዋጥ በኤክስሬይ አይታይም። በቀላሉ የሚወጣ ትንሽ ጥርስ ካለዎት ያስጠብቁት፣ ማደንዘዣ ከመውሰድዎ በፊትም ያውልቁት።

ከማዘዝዎ በፊት

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። ጥርሱን ከወሰድኩ በኋላ ስንት የማስተካከያ ቀጠሮ በዋጋው ውስጥ አለ? ድዴ ሲለወጥ ይሄኛው ውስጡ ይሞላል ወይስ አዲስ ይሰራል? እኔ ሁለተኛውን ሳልጠይቅ ነበር የከፈልኩት። እህቴ ሁለቱንም አልጠየቀችም። ሆኖም አሁንም ተጣጣፊውን ነው የምታደርገው፤ «ስስቅ ብረት ከሚታየኝ አራት ጊዜ ብመላለስ ይሻለኛል» ትላለች።